የቲቸር ተሾመች መሐላ

እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ መናገር የሚፈቀድልኝ እኔ ብቻ ነኝ። የአማርኛ መምህርት ስለሆንኩ ነው። የእኔ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ግን አማርኛዬም ከእኔ ጋር ከክፍል መውጣት አለበት፤ ኮሪደር ላይ "ደህና ዋላችሁ ልጆች" ካልኩ የተማሪ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር በክፉ ዓይን ያየኛል። አማርኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ ቢጫ ባጅ ይንጠለጠልበታል። የሚገላገለው ሌላ አማርኛ የተናገረ ልጅ ይዞ ሲያሳልፍለት ነው። ልጆቹ ይህን ከለመዱ ወዲህ በዕረፍት ሰዓት ዝም ብለው ምሳቸውን ይበላሉ። ለጉብኝት የመጣ ወላጅ ደግሞ ጸጥታውን አይቶ "እንዴት ያለ ሥርዓት ነው!" ይላል።

ትምህርት ቤቱ ጀሞ ውስጥ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ፊት ለፊት፣ በኪራይ ሕንፃ ላይ ነው ያለው። ከታች ብየዳ ቤት አለ፤ ከላይ እኛ አለን። በሩ ላይ በትልቁ "ኢንተርናሽናል" የሚል ተጽፏል። ከውጭ አገር የመጣ ነገር አለ ከተባለ የመጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ ብቻ ይመስለኛል። ክፍሎቹን ባለቤቱ በስስ ኮምፔርሳቶ ጣውላ ስለከፋፈላቸው አንዱ ክፍል ውስጥ የሚባለው ሌላው ክፍል ይሰማል። የእኔ ክፍል ከቲቸር ተሾመች ክፍል ጋር አጎራባች ነው። ስለእሷ የማወራው እንግዲህ ሰው ነግሮኝ ሳይሆን በዚያ ኮምፔርሳቶ በኩል በጆሮዬ እየሰማሁ ነው።

ቲቸር ተሾመች የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሃምሳውን የዘለለች ሴት ናት። ሰሌዳ በዳስተር አታጠፋም፤ በመዳፏ ነው የምትጠርገው፣ ስለዚህ እጇ ከማርከር ቀለም ጸድቶ አያውቅም። ጎፋ እናቷ ትተውላት በሞቱት ቤት ከእህቷ ልጅ ጋር ትኖራለች። በየጠዋቱ በሚኒባስ ተጋፍታ ትመጣለች፤ ወንበር ካገኘች ደብተር ታርማለች፣ ካላገኘችም ቆማ ታርማለች። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች ስጠይቃት "ጊዜ አጥቼ" ብላ ትስቅብኛለች።

የተወለደችው መርሐቤቴ ነው። ልጅ ሆና የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ፓሲቭ ቮይስን በዜማ ነበር የሚያስሸመድዳቸው። የግሱን ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ በቃሏ ታውቀው ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ሽምደዳው አሥራ ሁለተኛ ክፍል አደረሳት፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋምም አስገባት። እዚያ አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ ጓደኛዋ "ቀሚሴ ታጠበ?" ብላ ጠየቀቻት። ተሾመች እጇ ሳሙና እንደያዘ ቀረ። ታጠበ። አጠበች፣ ታጠበ። ያ ሁሉ ሰንጠረዥ ይኸው ነው።

"ደስ ያለኝ እንዳይመስልሽ ቤቲ" አለችኝ ይህን ስታጫውተኝ። "ተናደድኩ። አፌን የፈታሁበትን ነገር እንደማላውቅ አድርገው ስንት ዓመት አስጨነቁኝ። ያን ቀን ለራሴ፣ አስተማሪ ከሆንኩ አንድም ልጅ እንደዚህ አላስጨንቅም አልኩ።"

አላስጨነቀችምም። የእሷን የፓሲቭ ቮይስ ትምህርት በየዓመቱ የምጠብቀው እንደ በዓል ነው። ያን ቀን ለእኔ ልጆች ድርሰት ጻፉ እላቸውና ኮምፔርሳቶው አጠገብ እቀመጣለሁ።

"ዛሬ አዲስ ነገር አላስተምራችሁም" ትላለች በዚያ ጎርናና ድምፅ፣ በአማርኛ። "ዛሬ የምታውቁትን ነው የማስታውሳችሁ። እናትህ ሽሮ ሠራች። ሽሮው ምን ሆነ?"

"ተሠራ!"

"አሁን ምድጃው ላይ እየተንተከተከ ከሆነስ?"

"እየተሠራ ነው!"

"ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ?"

"ተሠርቷል!"

"በየቀኑ ማታ ማታስ?"

"ይሠራል!"

"ነገስ?"

"ነገም ይሠራል! ቲቸር፣ በሽሮ ልንሞት ነው እኮ!" ይላል አንዱ፣ ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። የእኔም ልጆች እርሳሳቸውን አስቀምጠው ይስቃሉ።

ከዚያ ከእያንዳንዱ የአማርኛ ግስ ሥር እንግሊዝኛውን ትጽፋለች። ሽሮ ኢዝ ኩክድ። ሽሮ ዋዝ ኩክድ። ሽሮ ኢዝ ቢይንግ ኩክድ። ሽሮ ሃዝ ቢን ኩክድ። ሽሮ ዊል ቢ ኩክድ። "አያችሁ? እኛ 'ተ' ብለን በአንድ ፊደል የምንጨርሰውን እነሱ ሁለት ሦስት ቃል ይለምኑበታል። የቸገራቸው እነሱ ናቸው፤ እናንተ ምን ያስፈራችኋል?" ትላቸዋለች። የዩኒት ሊደሩ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ከተሰማ ልጆቹ ራሳቸው በእንግሊዝኛ ማንበብ ይጀምራሉ፣ ሲያልፍ ወደ ሽሮው ይመለሳሉ። ዩኒት ሊደሩም ያውቃል፣ ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ዱጉማም ያውቃል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ላይ በእንግሊዝኛ የትምህርት ቤቱን ስም የምታስጠራው እሷ ስለሆነች ሁሉም አላየሁም ይላል። እንዲህ እየተባለ ብዙ ዓመት ተኖረ።

ነገሩን ያበላሸችው እሷን ከማንም አብልጣ የምትወድ ሴት ናት። ሰሀር ትባላለች፤ ጀሞ ውስጥ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። ልጇ አናስ ስምንተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ፣ ሲጠየቅ ወለሉን የሚያይ ልጅ ነበር። አንድ ቀን የሽሮውን ትምህርት ተምሮ ቤቱ ገባ፤ እናቱ ወጥ ቤት ሽሮ እያማሰለች ነበር። ልጁ ማማሰያውን ከእጇ ተቀብሎ እንደ ቲቸር ድምፁን አጎርንኖ ያስተምራት ጀመር። "እማ፣ አሁን ምን እየሆነ ነው? እየተሠራ ነው! ኢዝ ቢይንግ ኩክድ!" ሰሀር ስልኳን አውጥታ ቀረጸችው። ልጇ እንግሊዝኛ በድፍረት ሲናገር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ እያለቀሰች ነው የቀረጸችው፣ ቪዲዮው ላይ ትንፋሿ ይሰማል።

ከዚያ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦ "ቲቸር ተሾመች አላህ ይጠብቅልን፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። በአማርኛ ስታስረዳቸው እንዴት እንደገባው እዩልኝ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ እንኳን ገባኝ።"

ደግነቷ ገደለን። መጀመሪያ ልብና ጭብጨባ ዘነበ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ "በአማርኛ ማለት?" ብሎ ጠየቀ። ሌላዋ "ይሄ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው?" አለች። ከዚያ አናስ ክፍል የሚማረው የኖላዊ አባት፣ አቶ መዝገቡ፣ ገባበት። አቶ መዝገቡ ባንክ ውስጥ የሕግ ክፍል ባልደረባ ነው፤ ግሩፑ ላይ ሲጽፍ እንኳ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ነው። "ልጄ ሽሮ መሥራት እንዲማር አይደለም የላክሁት። አማርኛ ቤቱ ሞልቶለታል" ብሎ ጻፈ። ማታውኑ ግሩፑ ተቃጠለ። ሰሀር ቪዲዮውን አጠፋችው፤ ግን ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አስቀርቶት ነበር።

ቅዳሜ አስቸኳይ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ አቶ ዱጉማ ከጎኑ ሆኖ ላቡን ይጠርጋል። ስለሽሮው ምንም እንደማያውቅ ሰው ያሳየውን ፊት አልረሳውም። ቲቸር ተሾመች ከመምህራኑ ጋር አጠገቤ ነበረች፤ የበዓል ነጠላዋን ለብሳ ነው የመጣችው። ባለቤቱ ብዙም አልተናገረም። ደንብ መጣሱን፣ የትምህርት ቤቱ ስም መጉደፉን፣ ውሏን ለማቋረጥ መገደዱን ነገረን። ቲቸር ተሾመች እጄን ያዘች።

"ይህቺ ሴትዮ ስንቱን ልጅ ነው ለውጤት ያበቃችው!" ብዬ ተነሣሁ። "ልጅ ካልገባው በቻይንኛስ ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል?"

"የአማርኛ መምህርቷን አማርኛ ትደግፋለሽ ወይ ብለን አልጠየቅናትም" አለ አቶ መዝገቡ። አዳራሹ ሳቀ። ተቀመጥኩ።

ያኔ አቶ ጀማሉዲን ተነሡ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ላፍቶ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው። ቆፍያቸውን አስተካክለው፣ ለሁሉም እጅ ነሥተው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። ሰው የሚያከብራቸው በከንቱ አይደለም፤ በሰፈሩ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት ሸሪክ ያስታረቁ ሰው ናቸው።

"ጎበዝ፣ የሰው እንጀራ እንዲህ በአንድ ቪዲዮ አይቆረጥም" አሉ። "እህታችን ልጆቻችንን ያሳደገች ናት። አጥፍታለች እንበል። ሰው ያጠፋል። እኛ እዚህ ሽማግሌ ተብለን ተቀምጠን አንዲት ሴት ከሥራ ስትባረር ብናይ ለእኛም ነውር ነው። ሁለተኛ እንዳይለመዳት ቃል ትግባልን፤ ነገሩ እዚሁ ይቅር፣ ሥራዋንም ትቀጥል።"

አዳራሹ አጉረመረመ፤ ብዙው ሰው ደስ ብሎታል። ጨካኝ መሆን የሚወድ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ራሴ በእፎይታ ትንፋሼን ለቀቅሁ። ባለቤቱም ወላጅ ከተስማማ እኔ ምን አለኝ አለ።

አቶ መዝገቡ ግን "ቃል በቂ አይደለም" አለ። "ቃል ሰው ሁሉ ይገባል። ይማሉልን። በሚያምኑበት ይማሉ።"

አቶ ጀማሉዲን ወደ እሷ ዞሩ። "ምን ይመስልሻል እህቴ? ለእኛም ለአንቺም መቋጫ ይሆናል። እምቢ ካልሽ ግን አላስገድድሽም" አሏት። ከልባቸው ነው። በሽምግልና እንዲህ ነው የሚደረገው፤ መሐላ ካለ ቂም አይኖርም፣ ዳግም አይነሣም።

ቲቸር ተሾመች ተነሥታ ቆመች። የጎፋ ገብርኤል አጥቢያ ናት፤ በየወሩ ዐሥራ ዘጠኝን የማታስታጉል ሴት ናት። እንድትምል የተጠየቀችው ነገር ምን ያህል እንደሚከብዳት አውቃለሁ። ግን ፊት ለፊቷ አንድ አዳራሽ ሰው ነበር፣ እቤት የምታስተምራት የእህት ልጅ አለች፣ በዚያ ዕድሜዋስ ማን ይቀጥራታል?

"ገብርኤልን፣ ከዛሬ ጀምሮ ክፍል ውስጥ በአማርኛ አላስተምርም" አለች።

"ክፍል ውስጥ ብቻ?" አለ አቶ መዝገቡ። "ክፍል ውስጥም ሆነ ከክፍል ውጭ። የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ለሆነ ሁሉ። እንግሊዝኛን በአማርኛ አላስረዳም ይበሉ።"

የባንክ ሰው ነው፤ ቀዳዳ መድፈን ያውቃል። እሷም እንደ ተማሪ ቃል በቃል ተከትላ ማለች። ወላጆቹ "አሜን" አሉ፣ አጨበጨቡ። አቶ ጀማሉዲን ጠጋ ብለው እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሰሀር ከኋላ ወንበር ላይ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ታለቅሳለች። ሰው ሁሉ መልካም ሥራ ሠርቶ ነው የተበተነው። በዚያ ቀን እንደተናደድኩት በዕድሜዬ ተናድጄ አላውቅም፤ የሚብሰው ደግሞ የምናደድበት ክፉ ሰው አለማግኘቴ ነው። አቶ መዝገቡን ለመጥላት ሞከርኩ። ልጁን ወዶ እንጂ እሱስ ምን አለው ብዬ እሱንም ተውኩት።

ከዚያ በኋላ በኮምፔርሳቶው የምሰማው ድምፅ ሌላ ሰው ሆነ። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ግን ሰንጠረዡን ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ልጆቹ ከኋላዋ ይደግማሉ። ዜማ ሆነ። መርሐቤቴ የነበረው ዜማ ጀሞ መጣ። አንዳንዴ አንዱን ቃል ጀምራ ታቋርጠዋለች፤ አማርኛው አፏ ድረስ መጥቶ እንደመለሰችው ይገባኛል። አናስ እንደገና ወለሉን ማየት ጀመረ። ልጆቹ መጀመሪያ ይቀልዱ ነበር፤ "ቲቸር፣ ሽሮው የት ሄደ?" ይሏታል። ኋላ ተዉት።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ሚኒባስ ስንሄድ "እንዴት ዋልሽ?" እላታለሁ።

"አስተማርኩ" ትላለች። "ማንም አልተማረም እንጂ።"

ሚያዝያ ላይ የሞዴል ፈተናው ውጤት መጣ። እንግሊዝኛ ወደቀ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ፓሲቭ ቮይስ ያለበት ክፍል ነው፤ ልጆቹ እንደ ዕጣ ያገኙትን ፊደል ነው ያከበቡት። የኖላዊ ውጤት ከታች ነበር። አቶ ዱጉማ ወረቀቱን ይዞ መምህራን ክፍል መጣና በሩን ዘጋ። እኔን ሲያይ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ተወኝ።

"ቲቸር ተሾመች፣ ሚኒስትሪው ደረሰ" አላት። "ቅዳሜ ጠዋት ስምንተኛ ክፍሎችን ላምጣልዎት። በር ዘግተው፣ እንደ ድሮው በራስዎ መንገድ ያስረዱልኝ። አንድ ቅዳሜ ብቻ።"

"በአማርኛ?"

"እንግዲህ... እንደ ድሮው።"

"ምያለሁ እኮ አቶ ዱጉማ። እርስዎ አጠገብ ሆነው ሰምተዋል።"

"እሱማ የወላጅ ነገር ነው። ወላጅ አይሰማም።"

"ገብርኤልስ?" አለችው።

አቶ ዱጉማ ሳቅ አለ፤ የቀለደች መስሎታል። እኔ አልሳቅሁም። ያን ዕለት አብሬያት ጎፋ ድረስ ሄድኩ፤ የንስሐ አባቷ ዘንድ ገባች፣ እኔ ውጭ ቆየሁ። ስትወጣ ፊቷ እንደገባችበት ነው። "መማል አልነበረብሽም አሉኝ" አለች። "ያስማሉሽ ሰዎች ይተዉልሽ፣ 'ፈትተንሻል' ይበሉሽ፣ እኔ ቀኖናሽን እሰጥሻለሁ፣ ከዚያ አስተምሪ አሉኝ። ደግ ናቸው።"

"ታዲያ ቀላል ነው!" አልኩ። በማግሥቱ ራሴ አቶ ጀማሉዲን መደብር ሄድኩ። ወንበር አስወጥተው፣ ለስላሳ አስከፍተው አስተናገዱኝ። ተናግሬ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ልጄ፣ እኔ በግሌ ዛሬውኑ ብፈታት ደስ ይለኛል" አሉኝ። "ግን የማለችው ለእኔ አይደለም፣ ለጉባኤው ነው። ጉባኤው ፊት የታሰረ ጉባኤው ፊት ነው የሚፈታው። ሰብስቡልኝ፣ እኔ እናገርላታለሁ።"

ወደ አቶ ዱጉማ ተመለስኩ። ስብሰባ ጥራ አልኩት። ዘለለ። "አብደሻል? ወላጅ ሰብስቤ 'ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ አልገባቸውም፣ በአማርኛ እናስተምር' ልበል? ለመስከረም ማን ይመዘገባል?" አለኝ። በቃ፣ ገመዱ እንዲህ ነበር የተቋጠረው። ቄሱ ወደ ወላጆቹ፣ ሽማግሌው ወደ ጉባኤው ይጠቁማሉ፤ ጉባኤውን የሚጠራው ሰው ደግሞ ጉባኤው እንዳይሰማ ይፈልጋል። ሁሉም ትክክል ናቸው። ትክክል በመሆናቸው ነው አንጀቴን የሚያቃጥሉኝ።

አርብ ማታ ስልክ ደወልኩላት። "በቃ አንቺ በእንግሊዝኛ ተናገሪ፣ እኔ አጠገብሽ ቆሜ በአማርኛ ልድገምላቸው። እኔ አልማልኩም።"

"ገብርኤልን በአስተርጓሚ ላታልለው ነው?" አለችኝ። "ተይው ቤቲዬ።"

"ታዲያ ቅዳሜ ለምን ትሄጃለሽ? ይቅርብሽ!"

"ልጆቹ ይመጣሉ እኮ። መጥተው ያጡኛል?"

ቅዳሜ ጠዋት ብየዳ ቤቱ ዝግ ስለነበር ሕንፃው ጭር ብሏል። ልጆቹ ዩኒፎርም ሳይለብሱ መጡ፤ በቤት ልብሳቸው ያነሱ ይመስላሉ። አቶ ዱጉማ ስልካቸውን በካርቶን ሰበሰበ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ መጋረጃውን ሳበ፣ ከዚያ "በርቱ" ብሎ ቢሮው ገባ። እኔን በር ላይ አቁሞኝ ነበር፤ ሰው ከመጣ እንድናገር። በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ውስጥ አያለሁ።

ቲቸር ተሾመች ሰሌዳውን በመዳፏ ጠረገች። በእንግሊዝኛ ጀመረች። የምትችለውን ሁሉ አደረገች፦ መጽሐፍ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ወንበር አነሣች፣ ሥዕል ሣለች፣ ራሷ እናት፣ ራሷ ድስት ሆነች። ላቧ ግንባሯ ላይ ወጣ። ሃምሳ ያለፋት ሴት ወጥ ለማስመሰል እጇን እያንተከተከች ስትታይ አንዱም ልጅ አልሳቀም። እንዲገባቸው የሚፈልጉት እነሱም ናቸውና ዓይናቸውን እንዳፈጠጡ ያዩአታል።

ያኔ ኖላዊ እጁን አወጣ። ሳትጠራው ተነሣ፤ በአማርኛ ተናገረ።

"ቲቸር፣ አባዬ 'ዛሬ በአማርኛ ነው የምታስረዳችሁ፣ ያልገባህን ሁሉ በደንብ ጠይቃት' ብሎኛል።"

አቶ መዝገቡ ያውቃል ማለት ነው። አቶ ዱጉማ ለእሱ ብቻ ሹክ ብሎለታል። በጉባኤ መሐል ቀዳዳ እየደፈነ ያስማላት ሰው፣ መሐላዋን እንድታፈርስለት ልጁን ልኮባታል። ራሱ መጥቶ ወይም ስልክ ደውሎ "ትቼልሻለሁ" ለማለት ግን አልፈለገም። ቢልስ ግሩፑ ምን ይለዋል? በሩን በርግጄ ገብቼ "አባትህን ጥራልኝ!" ብዬ ልጮህበት እግሬን አነሣሁ፤ ልጁ ግን ምን አደረገ? አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ፈተናው ሊገባው ብቻ ነው የፈለገው።

ቲቸር ተሾመች አየችው። ልጆቹ ሁሉ አፏን ያያሉ። አንዳንዶቹ ወንበራቸው ላይ ወደፊት ተስበዋል፣ አናስ እስክሪብቶውን አዘጋጅቷል። ከንፈሯ ተላቀቀ፤ እኔም በሩ ላይ ሆኜ ተናገሪ፣ በገብርኤል፣ ተናገሪ እያልኩ ነበር፤ በማን እንደምለምናት ያስተዋልኩት ኋላ ነው። "አባትህ በሰው ፊት ያሰረኝን በሰው ፊት ይፍታኝ" ልትለው እንደፈለገች ከዓይኗ አነበብኩት። ያንንም ቢሆን በአማርኛ ልትለው አልቻለችም።

"ሲት ዳውን፣ ኖላዊ" አለችው።

ልጁ ተቀመጠ። እሷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች፤ ለማልቀስ እንደሆነ ትከሻዋ ነገረኝ። ከዚያ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ጻፈችው፣ አነበበችው፣ ወደ ልጆቹ ዞራ "አንደርስታንድ?" ብላ ጠየቀቻቸው። አናስ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛ። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ያልገባቸውን መገልበጥ ጀመሩ።